በደረሰኝ ጀርባ

ለዚህ እትም ጽሑፍ ስንሰበስብ አንዲት የጣራ ገዳም አባላችን የሕይወት ታሪኳን በደረሰኝ ጀርባ ጽፋ እያፈረች ሰጠችን። ያኔ ሲልቪያ ፓንክረስትን አስታወስን።

ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1882 በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር ተወለዱ። ትምህርታቸው ሥዕል ነበር። ሴቶች እንዲመርጡ በመታገላቸው ደጋግመው ታሰሩ፤ አንበላም ቢሉ በቱቦ በግድ ተመገቡ። በ1920 ደግሞ በጋዜጣቸው በወጣ ጽሑፍ የስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። በሆሎዌይ እስር ቤት ወረቀት ሲከለከሉ በመጸዳጃ ወረቀት ግጥም ጻፉ። ስለ ራሳቸው ብቻ ሳይሆን አብረዋቸው ስለታሰሩት ድሆች ሴቶችም ነበር። ግጥሞቹ በ1922 በመጽሐፍ ታተሙ።

ያ ብዕር ለእኛም ደረሰ። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ሰሞን፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ለኢትዮጵያ የሚከራከረው ጋዜጣቸው የመጀመሪያ እትም ወጣ። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም ገንዘብ አሰባሰቡ። በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ። በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

እህታችን፣ አትፈሪ። የደረሰኙን ፊት በወጪ መዝግበነዋል፤ ጀርባው በሚቀጥለው ገጽ ይነበባል። ሌሎቻችሁም ንጹሕ ወረቀት እስክታገኙ አትጠብቁ፤ ባገኛችሁት ላይ ጽፋችሁ አምጡልን።