ጉልበት መድረክ ሲያገኝ

ከጎባ በላይ ካለው ተራራ እንጨት፣ ወደ ሮቤ ገበያ ገብስ ተሸክመው የሚሄዱ የባሌ እናቶችን ያላየን የለም። ጉልበታቸው ሸክም እንጂ ዝና አልሆነላቸውም። ጉልበቷ ዝና ስለ ሆነላት አንዲት ሴት ጥቂት ልንገራችሁ።

ካታሪና ብሩምባክ እ.ኤ.አ. በ1884 በቪየና ከሰርከስ ቤተሰብ ተወለደች። በወጣትነቷ፣ ለሚያሸንፋት ወንድ 100 ማርክ እየተመደበ ትታገል ነበር። ሽልማቱን ፈልጎ የመጣው ማክስ ሄይማን ተሸነፈ፤ ኋላ ግን ባሏ ሆነ። ከዝነኛው ጉልበተኛ ከዩጂን ሳንዶው ስም ወስዳ ኬቲ ሳንድዊና ተባለች። 75 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ባሏን፣ ማለት የኩንታል ገብስ ሦስት ሩብ የሚያህለውን፣ በአንድ እጇ ከራሷ በላይ ታነሣ ነበር። በአሜሪካ በበርነምና ቤይሊ ሰርከስ ስትሠራም፣ በ1912 ለሴቶች የመምረጥ መብት ከተነሡት የሰርከስ ሴቶች ጋራ ቆመች። በስተርጅናዋ ከባሏ ጋራ በኒውዮርክ ምግብ ቤት ይዛ ኖራ በ1952 ዐረፈች።

የሴቶች ክብደት ማንሣት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተደረገው በ1987፣ ኦሊምፒክ የገባውም በ2000 ነው። ለእርሷ የተገኘላት መድረክ የሰርከስ ድንኳን ነበር። ወንድሞችና እኅቶች፣ ጉልበቱስ በባሌም ሞልቷል፤ የቸገረው መድረኩ ነው።