ባዚል ግራ፤ የውጅግራው መሐንዲስ

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፥ እንዲሁም በገበዝ ማርያም ዙሪያ ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፥ ውጅግራ የሚለው ስም ለሽማግሌዎች እንግዳ አይደለም። ስሙ በሽለላና በፉከራ ተነሥቷል፤ በውርስ ክርክር ተቆጥሯል፤ በአርበኝነት ዘመን ትዝታም ውስጥ ቦታ አለው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከአማርኛ ሥር የበቀለ አለመሆኑን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። ፈረንሳዮች ጠመንጃውን በሠሪው ስም ፉዚ ግራ ይሉት ነበር፤ በባሕር ጠረፍና በነጋዴ አፍ ተሻግሮ ሲመጣ ውጅግራ ሆነ። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ በትከሻው ያነገበው ብረት ብቻ አልነበረም፤ አይቶት የማያውቀውን የአንድ መሐንዲስ ስም ጭምር ነበር። የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራ መመርመር ለቴክኒክ ሞያተኛ ጥቅም አለው። ምክንያቱም ባዚል ግራ በታሪክ የታወቀው ከባዶ ተነሥቶ አዲስ ነገር በመፍጠሩ ሳይሆን በእጅ ያለውን አሻሽሎ ለሥራ በማብቃቱ ነውና።

ትውልዱና ዘመኑ

ባዚል ግራ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1836 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፥ ሳን አማን ደ ፔላጋል በምትባል የገጠር ቀበሌ ተወለደ። አድጎም በፈረንሳይ ጦር ሠራዊት የመድፈኛ ክፍል መኮንን ሆነ። በዚያ ዘመን የመድፈኛ መኮንን ማለት መድፍ ተኳሽ ብቻ ማለት አልነበረም። የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችን መቆጣጠር፥ የብረትን ጠባይ ማወቅ፥ ባሩድ መመርመርና ልክ ማውጣት የዚሁ ክፍል ተግባር ስለ ነበር፥ መኮንኑ ግማሽ ወታደር፥ ግማሽ መሐንዲስ ነበር።

ግራ በሞያው ጎልቶ የወጣው አገሩ በተሸነፈችበት ማግስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ፈረንሳይ ከፕሩሲያ ጋር ጦርነት ስትገጥም ወታደሮችዋ የያዙት እ.ኤ.አ. በ1866 የወጣውን የሻስፖ ጠመንጃ ነበር። ሻስፖ ከፕሩሲያው መርፌ ጠመንጃ ይልቅ እሩቅ ይመታ ነበርና ለሽንፈቱ ምክንያት የሆነው እርሱ አልነበረም። ሆኖም ታላቅ ጉድለት ነበረበት። ጥይቱ የተጠቀለለው በወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ እርጥበት ይስባል፥ ይቀደዳል፥ ተቃጥሎም ዐመዱ ይቀራል። ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ረጅምና ቀጭን መርፌ ይሰበራል፤ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበትም በሙቀት ይበላሻል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1871 የነሐስ ቀለህ የሚጎርሰውን የማውዘር ጠመንጃ ሲይዙ የወረቀት ጥይት ዘመን ማክተሙ ግልጽ ሆነ።

የ1874ቱ መፍትሔ

ፈረንሳይ በዚያን ጊዜ ሁለት ችግር ነበረባት። በአንድ በኩል አዲስ ጠመንጃ በአስቸኳይ ያስፈልጋታል፤ በሌላ በኩል በግምጃ ቤቶችዋ እጅግ ብዙ ሻስፖ ተከምሯል። ያን ሁሉ ጥሎ እንደ ገና መጀመር የጦርነት ካሣ ለሚከፍል ሕዝብ ከባድ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ጠመንጃ ከሁሉ ይበልጣል የሚል ብቻ አልነበረም፤ አሮጌውን ብረት ሳይጥል አዲሱን አገልግሎት የሚሰጥ የትኛው ነው የሚል ነበር። በውድድሩ የሆላንዱ የቦሞን ጠመንጃም ቀርቦ ነበር። የተመረጠው ግን በዚያን ጊዜ ሻምበል የነበረው የግራ ንድፍ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1874ም የሠራዊቱ መሣሪያ እንዲሆን ተወሰነ።

የግራ ብልሃት ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከሻስፖ የሚለወጠው የጥይቱ ማደሪያና መዝጊያው ነው። የማደሪያው ቀዳዳ ሰፍቶ ይቦረቦርና የነሐሱን ቀለህ በልኩ የሚይዝ የብረት እጅጌ ይገባበታል። መዝጊያው ራሱን የቻለ ተነቃይ ራስ ይኖረዋል፤ በዚህ ራስ ላይ ቀለሁን ይዞ የሚያወጣ ጥፍር ይተከላል። በመርፌው ፋንታ አጭርና ጠንካራ መቺ ይገባል። በሻስፖ ወታደሩ አስቀድሞ መቺውን በእጁ ወደ ኋላ መሳብ፥ ቀጥሎም መዝጊያውን መክፈት ነበረበት፤ በግራ ግን መዝጊያውን ለመክፈት እጀታው ወደ ላይ ሲነሣ መቺው ራሱ ይደገናል። አንድ እንቅስቃሴ ተቀነሰ ማለት ነው። በጦር ሜዳ የሚቀነስ አንድ እንቅስቃሴ የብዙ ሰው ሕይወት ነው።

ጠመንጃው 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና ከ4 ኪሎ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ክብደት ነበረው። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር በ5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድ እየተገፋ በሴኮንድ ወደ 450 ሜትር ፍጥነት ይወጣ ነበር። በኋላም፥ እ.ኤ.አ. በ1880፥ ቀለህ በሚፈነዳበት ጊዜ ጋዙ ወደ ተኳሹ ዓይን እንዳይመለስ በመዝጊያው ቤት ላይ የጋዝ ማስወጫ ቦይ እንዲቈረጥ ተደረገ። ይህ ማሻሻያ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ሕይወት የሚያተርፍ የጥቂት ሚሊ ሜትር ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

የማነጣጠሪያው ጉዳይ

ጥይት ሲለወጥ የማይለወጥ የሚመስለው ነገር ማነጣጠሪያው ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚታወከው እርሱ ነው። የአረሩ ፍጥነት ሲለወጥ በመንገዱ ላይ የሚወርድበት ልክ ይለወጣል። ስለዚህ የኋላው ማነጣጠሪያ ሚዛን ለአዲሱ ጥይት እንደ ገና መሰላት አለበት። በአፈሙዙ ጫፍ የሚቆመው የፊት ማነጣጠሪያም በቱቦው መካከለኛ መሥመር ልክ፥ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያጋድል በመቀመጫው ላይ መጽናት አለበት።

የዚህች ትንሽ ብረት ነገር በቀላል ሒሳብ ይታያል። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 70 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የፊተኛው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከቦታው ቢዛነፍ፥ በ100 ሜትር ርቀት ጥይቱ ከዒላማው በ14 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ በ300 ሜትር ደግሞ በ43 ሳንቲ ሜትር ይስታል። የስሕተቱ አቅጣጫም ያታልላል። የፊት ማነጣጠሪያ ወደ ግራ ከተዛነፈ ጥይቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ተበልቶ ካጠረ ተኳሹ ሳያውቀው አፈሙዙን አብልጦ ያነሣልና ጥይቱ ከዒላማው በላይ ያልፋል።

ከዚህ የተነሣ አሮጌ ጠመንጃ የሚጠግን ሰው አንድ ሕግ ይጠብቃል። አዲስ የፊት ማነጣጠሪያ ሲሠራ ከሚፈለገው ቁመት አስረዝሞ ይሠራዋል፤ መቀመጫውን በቱቦው ላይ ካጸና በኋላ ይተኩሳል። ጥይቱ ከዒላማው በታች ይመታል። ከዚያ በሞረድ ትንሽ ትንሽ እየበላ፥ በየጊዜው እየተኮሰ፥ ወደ ልኩ ያመጣዋል። ብረት ተሞርዶ ይቀነሳል፤ ከተቀነሰ በኋላ ግን አይመለስም። ይህ ሕግ ለማነጣጠሪያ ብቻ አይደለም፤ ልክን አስቀድሞ በእርግጥ ማወቅ በማይቻልበት ሥራ ሁሉ ይሠራል።

ግራ በሌበል ዘመን

ግራ በማዕረግ እያደገ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪየይ ጭስ የማያወጣውን ባሩድ ሲያገኝ የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ሁሉ በአንድ ቀን አሮጌ ሆነ። አዲስ ጠመንጃ እንዲያወጣ በጄኔራል ትራሞን የሚመራ ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ ኮሎኔል ግራም ከአባሎቹ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 መጀመሪያ የጦር ሚኒስትር የሆነው ጄኔራል ቡላንዤ ሥራው በጥቂት ወራት እንዲያልቅ አዘዘ። ጊዜ ስላልነበረ ኮሚሲዮኑ የግራን የ11 ሚሊ ሜትር ቀለህ ወስዶ፥ ግርጌውን እንዳለ ትቶ፥ አንገቱን ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጠበበው። ከዚህም የሌበል ጠመንጃ ተወለደ።

በዚህ ቦታ ታሪኩ ሌላ ገጽታ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳይን የጠቀመው አሮጌውን የማስማማት ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1886 ዕዳ ሆነ። ከግርጌው ሰፊ፥ ከአንገቱ ጠባብ፥ ጠርዙም ወጣ ያለው ቀለህ በካዝና ውስጥ ቀጥ ብሎ አይደረደርም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሾሻ መትረየስ ካዝና እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠው ከዚሁ የተነሣ ነው። ፈረንሳይ ለቀላል መትረየስና ለአዲሱ ጠመንጃዋ ቀጥ ያለ የ7.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ያገኘችው ከ1920ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነበር። እንግዲህ ነባሩን ማሻሻል ሁልጊዜ ጥበብ አይደለም፤ ጥበብ የሚሆነው የሚቀጥለው ትውልድ የሚከፍለው ዋጋ ታስቦ ሲወሰን ነው።

ውጅግራ በኢትዮጵያ

ሌበል በሠራዊቱ እጅ ሲገባ የግራ ጠመንጃ ለገበያ ተረፈ። ግሪክ ቀደም ብላ ወስዳዋለች፤ በዚያም አገር ስሙ የጠመንጃ ተራ ስም እስኪሆን ድረስ ሕዝብ ለምዶታል። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ በኩል ሲሆን፥ እንደ ሊዮን ሼፍኖ ያሉ ፈረንሳውያን ነጋዴዎች ለዳግማዊ ምኒልክ መሣሪያ በማቅረብ ይሠሩ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። የጎጃም ጦርም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በዚያ ሜዳ ተገኝቷል። ለአውሮፓ ያረጀው መሣሪያ በጥሩ እጅ ሲገባ ከዘመናዊው የኢጣልያ ሠራዊት ጋር ተጋጥሞ አሸነፈ።

የውጅግራ ጥይት በኢትዮጵያ ገበያዎች ሌላም አገልግሎት ሰጥቷል። የማርያ ቴሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ትልቅ ስለ ነበር፥ በብዙ ቦታ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይቈጠር ነበር። መሐንዲሱ ለጦርነት ያወጣው ልክ የገበያ መለኪያ ይሆናል ብሎ ያሰበ አይመስልም።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገሪቱን በወረረች ጊዜ ውጅግራ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ መሣሪያ ነበር። ቢሆንም ከቤት ያለው እርሱ ነበርና አርበኛው አልናቀውም። በደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፥ በደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና በበላይ ዘለቀ ሥር በጎጃም የተዋጉት አርበኞች ከጠላት በተማረከ መሣሪያ ይታጠቁ እንጂ፥ ብዙው ሰው ትግሉን የጀመረው በአባቱ ጠመንጃ ነው። ችግሩ ብዙ ነበር። ከኢጣልያ እግረኛ የሚማረከው ጥይት 6.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለውጅግራ አይሆንም። የጥቁር ባሩዱ ጭስ ተኳሹ የተደበቀበትን ቦታ ለጠላት ያሳያል። አንድ ጊዜ ከተኮሱ በኋላ ሌላ ጥይት እስኪያጎርሱ ጊዜ ይወስዳል። በአንጻሩ ግን ቀለሁ ወፍራም ነሐስ በመሆኑ ተለቅሞ፥ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደ ገና ሊተኮስ ይችላል፤ የመዝጊያው ክፍሎችም ጥቂትና ጠንካራ ስለሆኑ ያለ ፋብሪካ መሣሪያ ይፈታሉ፥ ይጠረጋሉ፥ ይገጠማሉ። እ.ኤ.አ. በ1874 ወጪ ለመቈጠብ ሲባል የተመረጠው ቀላልነት፥ ፋብሪካ በሌለበት በዳሞት ሸለቆና ኮረብታ የጽናት ምክንያት ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ቡሬን ለቆ ሲያፈገፍግ ይህ ሽማግሌ መሣሪያ ገና ከአገልግሎት አልወጣም ነበር።

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ግን ሌላውም መነገር አለበት። ያው ጠመንጃ ከነጻነት በኋላ በየቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር፥ በመሬት ወሰንና በደም ጠብ ወንድም ወንድሙን የገደለበት ጊዜ ብዙ ነው። መሣሪያ የሠሪውን አሳብ አያውቅም፤ የያዘውን እጅ ይከተላል። ሠሪው ኀላፊ የሚሆነው ዕቃው እንደ ተባለለት በትክክል እንዲሠራና የያዘውን ሰው እንዳይጎዳ ነው። ግራ በዚህ በኩል ኀላፊነቱን ፈጽሟል።

ፍጻሜው

ባዚል ግራ እስከ ጄኔራልነት ደርሶ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1901 በኦሶን ከተማ አረፈ። በዚያው ዓመት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም አረፉ። ሁለቱ ሰዎች ተያይተው አያውቁም። ነገር ግን የአንደኛው ሥራ በሁለተኛው ሠራዊት እጅ ዓድዋ ላይ ታይቷል። ፈረንሳይም ራስዋ እ.ኤ.አ. በ1914 መሣሪያ ሲያጥራት ከግምጃ ቤት አሮጌዎቹን የግራ ጠመንጃዎች አውጥታ፥ ከፊሎቹንም ለሌበል ጥይት አስማምታ ተጠቅማባቸዋለች። አሮጌውን ያስማማው ሰው ሥራ ራሱ አርጅቶ እንደ ገና ተስማማ።

የሞያው ባልደረባ ከዚህ ሕይወት የሚወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ በእጅ ያለውን ዕቃ አጥብቆ መርምሮ የሚለወጠውን ብቻ መለወጥ፥ ከተለወጠው ጋር ግን እስከ ፊት ማነጣጠሪያው መቀመጫ ድረስ የሚናወጠውን ሁሉ መከታተል ነው። ሁለተኛው፥ የዛሬ ቁጠባ የነገ ዕዳ እንዳይሆን አስቀድሞ መመዘን ነው። ዕቃው ከሠሪው እጅ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅምና፥ ግራ ለፈረንሳይ እግረኛ ያወጣው ልክ ከፋብሪካ እጅግ በራቀ አገር፥ በአንድ የጎጃም ገበሬ ዓይንና ትከሻ ተፈትኗል።