የድንጋይን ዕድሜ የመረመረ ሰው

ዊልያም ብላንፎርድ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ በ1832 ዓመት ተወለደ። ይህም ከዚህም በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በወጣትነቱ በኢጣሊያ አገር በንግድ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። በኋላ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ የማዕድን ትምህርት ቤት ገባ።

በ1855 ከወንድሙ ከሄንሪ ጋራ ወደ ህንድ ተሻገረ፤ ሥራውም የምድርን ንጣፍ መመርመር ነበረ። በታልቺር አውራጃ በደቃቅ ጭቃ መካከል ታላላቅ ድንጋዮች ተቀብረው ተገኙ። ደቃቅ ጭቃ የሚያወርድ ዝግተኛ ውሃ ታላቅ ድንጋይ ሊያንከባልል አይችልም። ስለዚህ ወንድማማቾቹ በጥንት ዘመን በረዶ ተሸክሞ እንዳመጣቸው አሰቡ። ህንድ ሞቃት አገር ስለ ሆነች ነገሩ ለማመን አስቸጋሪ ነበረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን በዚያው አገር በበረዶ የተፋቀ አለት ተገኘና እውነቱ ተገለጠ።

በ1867 የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሊዘምት ሲነሣ፥ ብላንፎርድ የአገሩን ድንጋይ እንዲመረምር ከጦሩ ጋራ ተላከ። ከዙላ ባሕር ዳር ተነሥቶ በሰንዓፌ፥ በአዲግራት፥ በአንጣሎና በአሸንጌ አድርጎ እስከ መቅደላ ሄደ። ወታደሩ መንገዱን ሲያይ እርሱ ገደሉን ያይ ነበር።

ድንጋይ ዕድሜውን በአፉ አይናገርም። ዳሩ ግን ቤት ሲሠራ መሠረቱ ግድግዳውን፥ ግድግዳውም ጣራውን እንደሚቀድም፥ እንዲሁ የታችኛው የምድር ንጣፍ የላይኛውን ይቀድማል። ብላንፎርድ ከሁሉ በታች በግለትና በክብደት የተለወጠውን ጥንታዊ አለት አየ። በላዩ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፥ በዚያም ላይ የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ ነበረ። በኖራው ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎል ስለ ተገኘ፥ ያ ደጋ አስቀድሞ የባሕር ወለል እንደ ነበረ ታወቀ። ከሁሉ በላይ ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ተነጥፎ ነበር። ይህንም በሁለት ከፍሎ የታችኛውን በአሸንጌ፥ የላይኛውን በመቅደላ ስም ጠራው።

ስንት ዓመት እንደ ሆነው ግን ሊወስን አልቻለም፤ በዘመኑ የዓመት መለኪያ አልነበረምና። ያየውን ቅደም ተከተል በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1905 ሞተ።

ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት፥ በድንጋይ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ነገሮች በታወቀ ልክ እየተለወጡ እንደሚሄዱ ዐወቁ። በዚህም የድንጋይን ዓመት መቍጠር ቻሉ። ዛሬ የአንጣሎው የኖራ ድንጋይ 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል፥ በላዩ ያለው ጥቁር ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደ ሆነው ይነገራል። ቅደም ተከተሉም ብላንፎርድ እንደ ጻፈው ሆነ። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፥ በዚያው አገር የሚቈፈረውም ቀይና ቀላል ድንጋይ፥ እንዲሁ ከምድር ሆድ በእሳት የወጣ ነው፤ ዕድሜው ግን ከመቅደላው እጅግ ያንሳል።

ከመቅደላ ከተዘረፉት መጻሕፍት ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በሎንዶን አሉ፤ የዚያም ዘመቻ ሐዘን አልተረሳም። ከዚያው ዘመቻ የወጣው የብላንፎርድ መጽሐፍ ግን የኢትዮጵያ ልጆች የገዛ ምድራቸውን እንዲያውቁ ረዳ። ልጆች ሆይ፥ የማታውቁትን እንደምታውቁ አድርጋችሁ አትናገሩ፤ ያያችሁትን ግን በትክክል ጻፉ። መሠረቱን በእውነት የጣለ ሰው፥ ሌላው በላዩ ሲሠራበት አያፍርም።