ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ተጫውተዋል። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታሸንፍ አሠልጣኝ ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። በአህጉሩ ይበልጥ የሚታወሱት አፍሪካ በዓለም እግር ኳስ ተገቢ ቦታዋን እንድታገኝና የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ከውድድር እንድትታገድ ባደረጉት ትግል ነው።

ልጅነት

ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ነው። አባታቸው ጀርመን ሀገር ሄደው ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ትምህርታቸውን የተከታተሉት በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነበር።

ተጫዋችነት

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከክለቡ ቀደምት ተጫዋቾች አንዱ ሆኑ። በዚያው ዓመት የጣልያን ጦር ከተማዋን ያዘ። በወረራው ዘመን ኢትዮጵያውያን ከጣልያኖች ተለይተው ይጫወቱ ስለነበር፣ ይድነቃቸው በዘር የተከፋፈለ ስፖርት ምን እንደሚመስል ገና በወጣትነታቸው አይተዋል።

በአጥቂነት ለ23 ዓመታት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሳይለዩ 365 ጨዋታዎች አድርገው 318 ግቦች እንዳስቆጠሩ ተመዝግቧል። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ገና ተጫዋች ሳሉ ከነጻነት በኋላ የተቋቋመውን የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ካደራጁት ሰዎች መካከል ነበሩ።

የካፍ ምሥረታ

ካፍ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲመሠረት አባላቱ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር እንድትጫወት ዕጣ ወጥቶ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጮችና ጥቁሮች አብረው የተሰለፉበት ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የ1954 ዓ.ም. ድል

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው በአዲስ አበባ ነው። በይድነቃቸው የሚመራው ቡድን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ በወቅቱ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ነበር። ግርማ ተክሌና አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ፤ በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ይህ እስካሁን የሀገሪቱ ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ነው።

የካፍ ፕሬዚዳንትነት

እ.ኤ.አ. በ1966 ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ የመደበው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የአፍሪካ ሀገሮች ይህን በመቃወም ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። ከጋናዊው ኦሄኔ ጃን ጋር ተቃውሞውን ካንቀሳቀሱት አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። በቀጣዩ የዓለም ዋንጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ወከለቻት።

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የካፍ አራተኛው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዘመናቸው የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ተጀመረ፤ የአፍሪካ የዓለም ዋንጫ ቦታም እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ ሁለት አድጎ አልጄሪያና ካሜሩን ተሳተፉ። የአፍሪካ ወጣት ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ የአህጉሩን እግር ኳስ ያዳክማል የሚል አቋም ነበራቸው።

ረጅሙ ትግላቸው ግን የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። ፊፋ ሀገሪቱን እ.ኤ.አ. በ1961 አግዶ በ1963 ዕገዳውን ቢያነሳም፣ በአፍሪካና በእስያ ሀገሮች ግፊት በ1964 መልሶ አገዳት፤ በ1976 ደግሞ ጨርሶ አባረራት። ይድነቃቸው የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል እንደመሆናቸው በዚያም መድረክ አፓርታይድን ተቃውመዋል።

ሕልፈትና ቅርስ

ይድነቃቸው ተሰማ በ65 ዓመታቸው አረፉ። እርሳቸውን የተኩት ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ሲፈርስ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ፊፋ ተመለሰች። ከአራት ዓመት በኋላም በሜዳዋ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ነጮችና ጥቁሮች አብረው በተሰለፉበት ቡድን አሸናፊ ሆነች።