ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ የደብር ልጅ፣ የመንግሥት ሚኒስትር፣ የመጻሕፍት ወዳጅ

ባለፈው የበረዶ ወራት ከምእመናናችን አንድ አረጋዊ አባት ዐርፈው ቀብራቸው ከተፈጸመ በኋላ፣ ልጆቻቸው ሁለት ካርቶን ሙሉ መጻሕፍት ወደ ደብራችን አዳራሽ ይዘው መጡ። ልጆቹ እዚሁ አገር ተወልደው ያደጉ በመሆናቸው አማርኛውን ይሰሙታል እንጂ አያነቡትም። መጻሕፍቱን ለመጣል አልጨከኑም፤ ቤታቸው ለማስቀመጥም ምክንያት አላገኙም። ከካርቶኑ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ «አዲስ ዓለም» የሚባል መጽሐፍ ወጣ። ታናሺቱ ልጅ ደራሲው ማን እንደ ነበሩ ጠየቀችኝ። ቆሜ በጥቂት ቃል ልመልስላት አልቻልሁምና ይህን ጽሑፍ ለእርሷና ለእኩዮቿ፣ አንብበው ለሚያሰሟቸውም ወላጆች አዘጋጀሁ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በመርሐቤቴ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር፤ ኅሩይ፣ ማለትም የተመረጠ፣ የሚለው ስም ኋላ የወጣላቸው ነው። ቤታቸው ባለጸጋ አልነበረም። አባታቸውም ገና በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው፣ እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ተማሪዎች ትምህርትን በእግራቸው እየተከተሉ ሄዱ። በሰላሌ ቆይተው፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ ራጉኤል መጥተው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቀጠሉ፤ በዚያው ደብርም በጽሕፈትና በአስተዳደር አገለገሉ።

የደብር ጸሐፊ ሥራ ምን እንደሚመስል የዛሬ ወጣቶች አያውቁትምና ጥቂት ላስረዳ። ጸሐፊ ሰሞነኛውን ይቈጣጠራል፤ በማኅሌት የቀረውንና የተገኘውን ይመዘግባል፤ የመቁነኑን ክፍፍል ይጽፋል፤ ካህንና ካህን፣ ደብተራና ገበዝ ሲጣሉም መዝገቡን ገልጦ ይዳኛል። ዕጣንና ጧፍ መቼ እንዳለቀ፣ የትኛው መጽሐፍ ለማን ተውሶ እንደ ወጣ የሚያውቅ እርሱ ነው። ይህ ሥራ ሰውን ሁለት ነገር ያስተምረዋል፤ አንደኛ በትክክል መጻፍን፣ ሁለተኛ የሰውን ጠባይ መታገሥን። ኅሩይ ኋላ በቤተ መንግሥትና በውጭ አገር ያሳዩት ጭምትነትና ጥንቃቄ ከዚሁ ከደብር መዝገብ የተማሩት ይመስለኛል።

ከደብሩ ወደ መንግሥት ሥራ የተሸጋገሩት በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ ዘውድ ሲጭን ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ሎንዶን ከሄዱት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ቀጥሎም የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ የኢትዮጵያውያንንና የውጭ ዜጎችን ክርክር በሚያይ ልዩ ፍርድ ቤትም ፈርደዋል። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ጋር ሆነው ወደ አውሮፓና ወደዚህ ወደ አሜሪካ መጥተዋል። እኛ ከመምጣታችን ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት አንድ የእንጦጦ ራጉኤል ተማሪ የዋሽንግተንን ጎዳና ረግጦ እንደ ነበር ልጆቻችን ቢያውቁ መልካም ነው። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት ዘመን በጉዳዩ ከደከሙት አንዱ ሲሆኑ፣ በዚያው ዓመት አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጐበኙ ተከትለዋቸዋል። ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ጠላት ወረራ ድረስም የውጭ ጉዳይን ሥራ በኃላፊነት ያዙ።

ሹመት የበዛበት ሰው ብዙውን ጊዜ ብዕሩን ይሰቅላል። ኅሩይ ግን ሹመቱ በበዛ ቍጥር መጻፋቸው በረታ። በሕይወታቸው ከሃያ የማያንሱ መጻሕፍት ያሳተሙ ሲሆን፣ ጎሐ ጽባሕ የተባለውንም ማተሚያ ቤት አቋቁመዋል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚገርመኝ በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት የመጻሕፍት ዝርዝር ነው። በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ስም እየሰበሰቡ መዘገቡ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው አሳተሙት። ሥራው የደብር ጸሐፊ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ደብሩ አገሪቱን በሙሉ ማከሉ ነው። አንድ ሕዝብ ያለውን መጻሕፍት ካላወቀ ሲጠፉበትም አያውቅም፤ እርሳቸው ይህን ተረድተው ነበር።

እኛ በሚኒሶታ ለምንኖረው ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብንጓዝ፣ በኮሌጅቪል በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ከዘጠኝ ሺህ የሚበልጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ይገኛሉ። ፎቶ ግራፍ ማንሣቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እያንዳንዱን እያነበቡ ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ኅሩይ በጥቂት ገጾች የጀመሩት ምዝገባ በስደተኛ ሊቅ እጅ በብዙ ጥራዝ ተስፋፋ። ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተነሡ፣ ሁለቱም በስደት ያረፉ ናቸው።

በ1915 ዓ.ም. ያወጡት «የሕይወት ታሪክ» የተባለው መጽሐፍ ደግሞ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን የተጻፈ ነው። በውስጡ ነገሥታትና መሳፍንት፣ የጦር አለቆች፣ ሊቃውንትና መምህራን፣ በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶችም አሉበት። እያንዳንዱ በአጭሩ የተጻፈ ነው። አንዳንድ ሰው ምስጋናው በዛ፣ ነቀፋው ጠፋ ብሎ ይነቅፈዋል፤ እውነትም አለበት። ጸሐፊው ስለ ሕያዋን ባለሥልጣኖች ሲጽፉ ራሳቸውም ባለሥልጣን ነበሩና ብዕራቸው ነጻ አልነበረም። ሆኖም ራስና ደጃዝማች በተጻፉበት መጽሐፍ የቅኔ መምህርም እንዲጻፍ ማድረጋቸው ታላቅ ፍርድ ነው። የአገር መሪ ማለት ሠራዊት ያዘመተ ብቻ እንዳልሆነ ሳይከራከሩ አስተማሩ። ዛሬ ስማቸውን የምናውቃቸው ብዙ ሰዎች እርሳቸው በዚያ መጽሐፍ ባይመዘግቧቸው ኖሮ መቃብራቸው እንኳ ባልታወቀ ነበር።

ወደ ካርቶኑ መጽሐፍ ልመለስ። «አዲስ ዓለም» በ1925 ዓ.ም. የታተመ ልብ ወለድ ታሪክ ነው። አወቀ የተባለ የተጉለት ልጅ ፈረንሳይ አገር ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹና ከአገሩ ልማድ ጋር ይጋጫል። ግጭቱ በጦርና በጋሻ አይደለም፤ በሠርግ፣ በተዝካርና በድግስ ወጪ፣ በካህናት ኑሮና ትምህርት ነው። በመጨረሻም ሊቃውንቱ ተሰብስበው በቤተ ክርስቲያን ሊሻሻል ስለሚገባው ነገር ሲመክሩ ይታያል። ቀደም ሲል በ1923 ዓ.ም. በወጣው «የልብ አሳብ»ም ልጆችን ያለ ዕድሜ ማጋባት የሚያመጣውን ጉዳት ጽፈዋል። እነዚህ መጻሕፍት እንደ ልብ ወለድ ከታዩ ስብከት ይበዛባቸዋል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑን የሚተቸው ሰው ከውጭ ሆኖ ድንጋይ የሚወረውር አልነበረም፤ መዝገቧን የጻፈ፣ ጾሟን የጾመ ልጇ ነበር። ስለዚህ ትችቱ ቁጣ የለበትም።

ይህን ስጽፍ ራሴን ሳልወቅስ አላልፍም። ለታላቅ ወንድሜ አርባ የደገስሁት በክሬዲት ካርድ ተበድሬ ነው። ዕዳውን ከፍዬ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ መጽሐፍ እንኳ አልገዛሁም። መጽሐፉን በወጣትነቴ አንብቤው ነበር። ማንበብና መስማት አንድ እንዳልሆኑ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጸሎተ ፍትሐቱና ለድኾች የሚሰጠው ምጽዋት የተዝካሩ ፍሬ ነው፤ በአዳራሹ የሚተርፈው ወጥ ግን የማን ፍሬ እንደሆነ እያንዳንዳችን እንመርምር።

ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው የዚያን አገር ሥልጣኔ ሲያዩ ተደንቀው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። አንድ ሕዝብ ሃይማኖቱንና ልማዱን ሳይጥል ጥበብን ሊማር ይችላል የሚለው አሳብ የዘመናቸው ተስፋ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ተስፋ በኢጣልያ ቦምብና መርዝ ተመታ። ኅሩይ እንደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በዓለም መንግሥታት ማኅበር ታምነው የጻፉት ደብዳቤና ያቀረቡት አቤቱታ ሁሉ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። በዚያን ጊዜ በማተሚያ ቤት የነበረው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸውም በወረራው ምክንያት ታትሞ ሳይፈጸም ቀረ።

በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በኢየሩሳሌም አልፈው እንግሊዝ አገር ገቡ። በአገር ቤት የቀረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በፋሽስቶች እጅ ተገደለ። እርሳቸውም በመስከረም ወር 1931 ዓ.ም. በባዝ ከተማ ዐረፉ፤ የአገራቸውን ነጻነት ለማየት ሦስት ዓመት እንኳ አልቀራቸውም ነበር። በሰው አገር ተቀበሩ፤ ከነጻነት በኋላ ግን ዐፅማቸው ወደ አዲስ አበባ ፈልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ የእንግሊዛዊውን የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ በመመለሱ የአባቱ ብዕር ከቤቱ አልጠፋም።

ውድ አንባብያን፣ ከእኛ መካከል ዐፅሙ ወደ አገሩ የሚፈልስለት ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን እዚሁ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በበረዶ ሥር እናርፋለን። እንግዲያስ ሁለት ነገር እንድንሠራ እለምናለሁ። መጀመሪያ በየቤታችን ያሉትን የአማርኛና የግእዝ መጻሕፍት ስማቸውን፣ ደራሲያቸውንና የታተሙበትን ዓመት በአንድ መዝገብ እናስፍር፤ ካርቶን ይዞ የሚመጣ ሐዘንተኛ ልጅ የት እንደሚያስቀምጠው ይወቅ። ሁለተኛ በዚህ ደብር ያረፉትን አባቶችና እናቶች የሕይወት ታሪክ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ቢሆን፣ የሚያውቋቸው ሳያልቁ እንጻፍ። ታክሲ የነዳውም፣ ሆስፒታል ያጸዳችውም፣ ቅዳሴ የቀደሰውም በአንድ መጽሐፍ ይግቡ፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ሥርዓት እንደዚህ ነበርና። የአረጋዊውን ገጽ እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ታናሺቱ ልጃቸውም የአማርኛ ፊደል መማር ጀምራለች፤ የአባቷን ገጽ ራሷ ታነበው ዘንድ።

የብላቴን ጌታ ኅሩይንና በስደት ያረፉትን ሁሉ ነፍስ ልዑል እግዚአብሔር ከቅዱሳን ጋር ይደምርልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።