አናጢው ጆን ሃሪሰንና ሰዓቱ

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አበጋዞች ብዙ ተነቧል። እኛ ለዘንድሮው የመረጥነው ግን አንድ አናጢ ነው። ስሙ ጆን ሃሪሰን፣ አገሩ እንግሊዝ፣ ከሞተም ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኖታል። በትምህርቱ በኩል እንደ እኛው ትንሽ የቀመሰ ሰው ነበረ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልን።

ሃሪሰን በ1693 ዮርክሸር ውስጥ ፎልቢ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ሄንሪ አናጢ ነበር። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ቤተሰቡ በሃምበር ወንዝ አጠገብ ባሮ ወደምትባል መንደር ተዛወረና የአባቱን ሙያ እዚያው ለመደ። ሰዓት ሠሪ የሚባል የሌለበት ገጠር ነበር። አንድ ቄስ ስለ ተፈጥሮ ሕግ የሚናገር የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጽሑፍ አዋሱት፤ እሱም ከነሥዕሉ በእጁ ገልብጦ ለራሱ አስቀረው። ዕድሜውን በጽሕፈት ሥራ የፈጀ ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ አይጠፋውም። ካርቦን የለ፣ ታይፕ የለ። ከዚህም ሌላ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደወል ያቃናና መዘምራኑን ይመራ ነበር፤ ጆሮው ለምት የነቃ ሰው መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሃያ ዓመት ሲሆነው በ1713 የመጀመሪያውን የቁም ሰዓት ሠራ። መዘውሩ እንጨት፣ ዘንጉ እንጨት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር እንጨት ነው። የመዘውሩን ጥርስ ሲያወጣ የእንጨቱ ጅማት ከመሐል ወደ ውጭ እንዲሄድ አድርጎ ስለሚገጣጥመው ጥርሱ አይሰበርም። የኛም አናጢዎች ሞፈርና ድግር ሲመርጡ የእንጨቱን ጅማት አይተው አይደል እንዴ!

በ1722 ገደማ ብሮክልስቢ በተባለ የባላባት ግቢ፣ በፈረስ ጋጡ ማማ ላይ የሚቆም ሰዓት አዘዙት። የዚያን ዘመን ሰዓት ሁሉ የሚታመመው በዘይት ነበረ። ዘይቱ በብርድ ይረጋል፣ በሙቀት ይቀጥናል፣ አቧራም ይይዛል። ሃሪሰን ታዲያ የተሻለ ዘይት ፍለጋ አልሄደም፤ ዘይት የሚባለውን ነገር ጭራሹን አስቀረው። ከሐሩር አገር የሚመጣ ሊግነም ቪቴ የሚባል በራሱ ቅባት ያለው ጽኑ እንጨት አለ፤ እየተፋተጉ የሚዞሩትን ቦታዎች በእሱ ሠራቸው። ያ ሰዓት ከ270 ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የግድግዳ ሰዓት ልቡ ፔንዱለሙ ነው፤ ይኸውም ከታች ክብደት ያለበት፣ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ዘንግ ማለት ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንዱ ውዝዋዜ ልክ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። በቀን 86,400 ጊዜ ይወዛወዛል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ የረዘመ ፔንዱለም ደግሞ ይዘገያል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢጨምር የብረቱ ዘንግ የሚረዝመው የሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅና ጥቂት ብቻ ነው፤ ለዓይን አይታይም። ነገር ግን ሰዓቱ በቀን 5 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወር ሲሞላ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይሆናል። የሐራን ቀትርና የወልድያን ዳገት ሌሊት የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ከዚህም እንደሚበልጥ አይጠራጠርም። ቦታም ራሱ ያዛባዋል። በ1672 ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በፓሪስ የተስተካከለ ሰዓት ይዞ በምድር ወገብ አጠገብ ወዳለችው ካየን ቢሄድ፣ ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ዘገየበት። ምድር ከወገቧ ስለምትሰፋ ስበቷ እዚያ ይቀንሳል። እኛም ከአውሮፓ ይልቅ ለወገቧ ቅርብ ነንና ከዚያ ተስተካክሎ የመጣ ሰዓት እዚህ ቢሰቀል ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም።

ሃሪሰን ከ1725 እስከ 1728 ድረስ ከታናሽ ወንድሙ ከጄምስ ጋር በባሮ መንደር የሠራው ሥራ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከኋላ ካስመሰገነው ሁሉ አያንስም። ነሐስ ከብረት ይልቅ በሙቀት ይረዝማል፤ ልዩነቱም አምስት ለሦስት ያህል ነው። ወንድማማቾቹ አምስት የብረትና አራት የነሐስ ዘንጎች ጎን ለጎን አሰለፉ። ብረቶቹ ሲረዝሙ ክብደቱን ወደ ታች ያወርዱታል፤ ነሐሶቹ ሲረዝሙ መልሰው ወደ ላይ ያነሡታል። ስለዚህ ሞቀም በረደም ክብደቱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። መዘውሩን በየምቱ ይዞ የሚለቀውንም ክፍል በአዲስ መልክ ሠሩት። እግሩ ሳይፋተግ ብድግ እያለ ስለሚዘል ፌንጣ የሚል ስም ወጣለት።

ሰዓቱ ትክክል መሆኑን በምን አወቁ? በመንደሩ ከእነሱ ሰዓት የተሻለ ሰዓት የለ። ሃሪሰን በሌሊት በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ዓይኑን አሳርፎ አንድ ኮከብ ከጎረቤቱ የጭስ ማውጫ ጀርባ የሚሰወርበትን ቅጽበት ይጠብቃል። ኮከብ በየሌሊቱ ከትናንቱ 3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ቀድሞ ይሰወራል፤ ይህ የማይዛነፍ ነው። ሰዓቱ ከዚህ ጋር ከተስማማ ትክክል ነው። በየሌሊቱ እንዲህ እያሉ ሲመዝኑት ቆይተው በወር ውስጥ ከአንድ ሰከንድ የማይበልጥ ስሕተት ላይ ደረሱ። በዚያ ዘመን ምርጥ የተባለ የኪስ ሰዓት በቀን አንድ ደቂቃ ያህል ይዛነፍ ነበር። እኛ የጥላን ርዝመት በጫማ ለክተው ሰዓት ይናገሩ የነበሩ ሽማግሌዎችን ስላየን የጭስ ማውጫው ነገር እጅግ ደስ አሰኝቶናል። መቼም ቀሪና ዘግይቶ የመጣ ሲመዘገብ የማን ሰዓት ትክክል ነው የሚል ክርክር የማይነሣበት ቀብር ጥቂት ነውና፣ ዕድራችንም አንድ የጭስ ማውጫ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ሃሪሰን ስሙ የገነነው ግን በባሕር ነው። በ1707 የእንግሊዝ መርከቦች ያሉበትን ስፍራ ስተው ከሲሊ ደሴቶች ድንጋይ ጋር ተላትመው አራቱ ሰጠሙ፤ ከ1,400 የማያንስ ሰው አለቀ። ኬክሮስን በፀሐይና በኮከብ ከፍታ ማወቅ ይቻላል። ኬንትሮስ ግን የወጡበትን አገር ሰዓት አለመዛነፍ ይጠይቃል፤ አራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ነው፣ በምድር ወገብ ላይም 111 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለሆነም በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ፣ ኬንትሮስን በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ለሚያስገኝ ሰው 20,000 ፓውንድ እንዲሰጥ ሕግ አወጣ።

በመርከብ ላይ ፔንዱለም አይሆንም፤ ማዕበሉ ያናውጠዋል። ሃሪሰን ሌላ መላ ይዞ በ1730 ገደማ ሎንዶን ወረደ። ዝነኛው ሰዓት ሠሪ ጆርጅ ግርሃም ቀኑን ሙሉ ሲያነጋግረው ውሎ ያለ ወለድ ገንዘብ አበደረው። ባለሙያ በባለሙያ የሚቀናበት ዓለም ነውና የግርሃም ስም ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም እንላለን። የመጀመሪያው የባሕር ሰዓት በ1735 አለቀ፤ 34 ኪሎ ይመዝን ነበር። በ1736 ከሊዝበን ሲመለሱ የመርከቡ አዛዥ ያየውን የብስ በስሕተት ሌላ ስፍራ ሲለው፣ ሃሪሰን 60 ማይል ያህል መሳሳቱን አሳየው። ሁለተኛው ሰዓት ተከተለ፤ ሦስተኛው 19 ዓመት ፈጀበት። በመጨረሻ በ1759 አራተኛውን ጨረሰ፤ እሱም 13 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የእጅ መዳፍ የሚሞላ ሰዓት ነበረ። በ1761 ልጁ ዊልያም ይህን ሰዓት ይዞ ወደ ጃማይካ ተጓዘ። ከ81 ቀን በኋላ የዘገየው 5 ሰከንድ ብቻ ሆነ።

ሽልማቱን የያዘው ቦርድ ግን አላመነም። እንደገና በ1764 ወደ ባርባዶስ ተሞከረ፤ እንደገና አለፈ። ከዚያ በኋላ በ1765 ምሥጢሩን እንዲገልጽ ተጠይቆ ገለጠ፤ ግማሹ ገንዘብ ተሰጠው። ብዙ ሰው ቦርዱን ክፉ አድርጎ ያወራል። እኛ ግን ሌላ ሰው ሊሠራው የማይችል አንድ ሰዓት ለአንድ መንግሥት መርከቦች ሁሉ ምን ይረባል የሚለው ጥያቄያቸው ፍሬ ያለው ይመስለናል። ያስቀየመን የኮከብና የጨረቃ መንገድ ደጋፊው ኔቪል ማስክሊን፣ የተቀናቃኙን ሰዓት እሱው መርማሪ መሆኑ ነው። ተከራካሪ ዳኛ ሆኖ አያውቅም። በመጨረሻ ነገሩ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ዘንድ ደረሰ፤ ንጉሡም በ1772 አምስተኛውን ሰዓት ራሳቸው አስመረመሩ። በ1773 ፓርላማው 8,750 ፓውንድ ጨመረለት። ሃሪሰን ያን ጊዜ 80 ዓመቱ ነበር።

ይህን ሁሉ አልፎ ሽማግሌው በስተርጅናው ወደ መጀመሪያ ፍቅሩ፣ ወደ ፔንዱለሙ ተመለሰ። በ1775 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ በየብስ የሚቆም የፔንዱለም ሰዓት በ100 ቀን ከአንድ ሰከንድ ሳይዛነፍ ሊሄድ ይችላል ብሎ ጻፈ። የሎንዶን ጸሐፊዎች ሳቁበት፤ አንዱማ አእምሮውን ሳይስት አይቀርም እስከ ማለት ደረሰ። እውነቱን ለመናገር አጻጻፉ የሚያስቅ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አራት ነጥብ ሳያይ ብዙ ገጽ ይሄዳል። እጁ የሚያውቀውን ብዕሩ ሊያወጣው አልቻለም። አንድ ደኅና ጸሐፊ አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ዓለም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ባልጠበቀ ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በመጋቢት ወር 1776፣ በ83 ዓመቱ አረፈ።

መጽሐፉ ሲናቅ ኖሮ፣ በ1970ዎቹ ማርቲን በርጄስ የተባለ እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ሽማግሌው ያለውን አምኖ በራሱ ወርክሾፕ በሃሪሰን አሳብ ሁለት ሰዓቶች ጀመረ። ብረቶቹ የዘመናችን ናቸው፤ ፌንጣው ግን የሃሪሰን ነው። ሁለተኛው ሳያልቅ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ኋላ በሌሎች ባለሙያዎች ተፈጽሞ ወደ ግሪኒች ተወሰደ። በ2015 መጀመሪያ ላይ ሰው እንዳይነካው ሳጥኑ በማኅተም ታሸገና መቶ ቀን ተቆጠረ። ማኅተሙ ሲፈታ ሰዓቱ የዘገየው የአንድ ሰከንድ አምስት ስምንተኛ ያህል ነበረ።