ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የመዝገብ ሥራ



ለዚህ በዓል ዝግጅት ሲደረግ አንድ ሽማግሌ አባት ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው፣ በልጅነታቸው እዚህ መማር የጀመሩበትን ዓመት ከመዝገብ እንድንፈልግላቸው ለመኑን። መዝገቡ ተገኘ፤ ነገር ግን ስማቸው ይገኝበታል የተባለውን ገጽ ምስጥ በልቶታል። ሽማግሌው አንድም ቃል ሳይናገሩ ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ፤ እኛም እጅግ አፈርን። ከዚያ ቀን በኋላ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የሆንን አምስት ጓደኛሞች የተማሪዎቹንና የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ተነሣን። እንዲህ ያለውን በሥርዓት የተደራጀ መዝገብ ባለሙያዎች ዳታቤዝ ወይም የመረጃ ቋት ይሉታል። ለዚህ ሥራ አስተማሪ ስላላገኘን፣ እያነበብንና እየተሳሳትን ራሳችንን በራሳችን ማስተማር ነበረብን። በደከመን ጊዜ ያበረታን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወት ስለ ሆነ፣ ታሪካቸውን በአጭሩ እንጽፋለን።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐቤቴ ተወለዱ። ይሁን እንጂ ሥራቸው ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ዐሥር ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስና ወደ እኛው አገር ወደ በጌምድር መምጣት ይገባል። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ከየአድባራቱ ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አከማችተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዞች እጅ በወደቀች ጊዜ ከእነዚህ መጻሕፍት ወደ 350 የሚሆኑት ወደ ሎንዶን ተወስደው በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀመጡ። ከዚያም ዊሊያም ራይት የተባለ የካምብሪጅ ፕሮፌሰር በሙዚየሙ ያሉትን የግዕዝ መጻሕፍት አንድ በአንድ መርምሮ፣ ዝርዝራቸውን እ.ኤ.አ. በ1877 በእንግሊዝኛ አሳተመ። እንግዲህ ኅሩይ በተወለዱበት ዘመን፣ ከመቅደላ የሄዱት መጻሕፍት የትኞቹ እንደ ሆኑ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የባዕድ መዝገብ መግለጥ ነበረበት ማለት ነው።

ኅሩይ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ፤ በእንጦጦ ራጉኤልም ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያም በጸሐፊነት ሥራ ገቡ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት እርሳቸው ወደ ሠላሳ ዓመት የተጠጉ ሰው ስለ ነበሩ፣ ከልጆች ጋር ተቀምጠው ዘመናዊ ትምህርት የሚማሩበት ጊዜ አልፏል። ስለዚህ የጎደላቸውን በንባብ፣ በሥራና በጉዞ ሞሉት። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች ጋር ሄደው የአውሮፓን ከተሞች አዩ።

በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት የሚዘረዝር ካታሎግ አሳተሙ። ይህ መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ የሚጣፍጥ አይደለም። ይሁን እንጂ በየገዳሙና በየቤቱ ተበታትኖ ያለውን ሀብት ለአንባቢ በአንድ ቦታ የሚያሳይ ነው። ጎተራው ውስጥ ምን እንዳለ የማያውቅ ገበሬ ዘር ሲደርስ እንደሚቸገር ሁሉ፣ መጻሕፍቱን ያልቈጠረ ሕዝብም የጠፋበትን እንኳ ሊያውቅ አይችልም። ኅሩይም ሥራውን አንድ ጊዜ ጨርሰው አልተዉትም፤ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በ1920 ዓ.ም. ካታሎጉን እንደ ገና አሳተሙት።

መጻሕፍትን እንደ መዘገቡ ሰዎችንም መዘገቡ። በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት የሕይወት ታሪክ በተባለው መጽሐፋቸው የታወቁ ሰዎችን ታሪክ በአጭር በአጭሩ ሰብስበው፣ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን ሰጡ። ያ ሽማግሌ አባት የእኛን መዝገብ ሲያስገልጡ የፈለጉት ከዚህ የተለየ አይመስለንም፤ በዚህ ቦታ እንደ ነበሩ የሚመሰክርላቸው አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር የፈለጉት።

ብላቴን ጌታ ይህን ሁሉ የሠሩት ሌላ ብዙ ሥራ እያለባቸው ነው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሹም፣ የልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በመልእክት ሄደው ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈዋል። ወዳጄ ልቤንና አዲስ ዓለምን የመሳሰሉ ልብ ወለዶችም ደርሰዋል፤ ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤትም አቋቁመዋል። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ፤ ነጻነትንም ሳያዩ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ባዝ በምትባል ከተማ ዐረፉ።

አሁን ከዚህ ሕይወት ለሥራችን ያገኘነውን እንናገር። ኤድጋር ኮድ የተባለ በእንግሊዝ አገር የተወለደ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970 መረጃን በሠንጠረዥ ከፍሎ፣ አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር በቁልፍ የማያያዝን መንገድ አስተምሯል። እኛም ይህን ከመጽሐፍ አንብበን የገባን መስሎን ነበር። ነገር ግን የኅሩይን መጻሕፍት ስንመዘግብ ከእኛ አንዱ ስማቸውን ኅሩይ፣ ሁለተኛው ሕሩይ፣ ሦስተኛው ህሩይ ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የደራሲውን መጻሕፍት ሁሉ እንዲያወጣልን ኮምፒዩተሩን ስንጠይቀው ጥቂቶቹን ብቻ አወጣ፤ አንዱን ሰው ሦስት ሰው አድርጎ ቈጥሮታልና። ለጆሮ አንድ የሆነው ድምፅ ለመሣሪያው የተለያየ ፊደል ነው። በዚህ ምክንያት ለእያንዳንዱ ደራሲና ለእያንዳንዱ ተማሪ የማይደገም ቁጥር መስጠት፣ ስሙንም በአንድ ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ብቻ መጻፍ እንደሚገባ ተማርን። ቁልፍ የሚሉት ይህንኑ ቁጥር መሆኑ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት በእንባ ገዛነው ማለት ይቻላል። ግልባጭ ሳናስቀምጥ የሦስት ሳምንት ሥራችን በአንድ ማታ ጠፋ። ከእኛ ሁለቱ ሥራውን ለመተው ቈርጠው ነበር። በብራና የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ሲቃጠል ወይም ሲዘረፍ ሁሉ ነገር አብሮ እንደሚሄድ፣ ታትሞ በብዙ እጅ የገባ ግን በአንድ ቤት ቢጠፋ በሌላው እንደሚገኝ ያስተዋልነው ከዚህ በኋላ ነው። እንደ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። አሁን በየሳምንቱ ዓርብ ሁለት ግልባጭ እናወጣለን፤ አንዱም ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ይቀመጣል።

ምስጡ የበላውን ገጽ ልንመልሰው አልቻልንም። ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎች የሆናችሁ አባቶችና እናቶች፣ የተማራችሁበትን ዓመትና አብረዋችሁ የተማሩትን ሰዎች ስም ታስታውሱ እንደሆነ ለበዓሉ ስትመጡ ንገሩን፤ እንጽፈዋለን። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም እኛ ስንሄድ መዝገቡን ተረከቡን። አስተማሪ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በእጃችሁ ያለውን በመቍጠር ጀምሩ። ኅሩይም ከመጻሕፍት ስም ዝርዝር ጀመሩ፤ ካታሎጋቸው ከታተመ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስማቸው እነሆ በአንበሳሜ ልጆች መዝገብ ላይ፣ በአንድ ቁጥር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ይገኛል።